አስቸኳይ፦ የኪሮሽ ሻሌ እየጠበበ ሄደ፤ ክሩ ነው የሚሰበሰበው?

ጠባሴ_02፦
ኪሮሽ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለእናቴ ሻል እየሠራሁ ነው። ለኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ሌሊት ለማኅሌት ስትወጣ ከነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ላይ ጣል እንድታደርገው ብዬ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ታውቁታላችሁ። ዛሬ 15 ነው፤ ጾሙም ገባ፤ ስድስት ቀን ብቻ ቀረኝ። ስጀምረው ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ስዘረጋው ከሁለቱም ጎን እየጠበበ እንደ መሶብ ክዳን ሾሏል! ሻጩ ንጹሕ ሱፍ ነው ብሎኝ ነበር፤ ክሩ እየተሰበሰበ ይመስለኛል። ሌላ ክር ልግዛ ወይስ ውሃ ነክሬ ልወጥረው?

የሸዋሮቢት_ሰው፦
እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ወደ እኛ ውረጂ፤ እዚህ በኅዳርም ሻል የሚፈልግ የለም። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ጥያቄሽን ሳነብላት ግን «ዳር ዳሩን ትቁጠር» ብላለች። እኔ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ዳንቴል ሠርታለች።

እጀ_ሙቅ፦
ክሩን አጥብቀሽ ስለያዝሽው ነው። ላላ አድርገሽ ሥሪ።

ጋሽ_ሸማኔ፦
ልጄ፣ ክር በደረቁ እጅ ላይ አይሰበሰብም። ሱፍ የሚሰበሰበው በሙቅ ውሃ ሲታሽ ነው። አንቺ ገና አላጠብሽውም፤ ስለዚህ ክሩን አትውቀሺ። ደግሞም ንጹሕ ሱፍ መሆኑን በሻጭ ቃል አትመኚ። ከጫፉ የጣት ያህል ቆርጠሽ በክብሪት አቃጥይው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። የእኛ የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው። ለባናና ለዝተት፣ ለበርኖስም የሚስተካከለው የለም፤ አንገት ላይ ግን ይቆረቁራል። ልስልስ ያለ ክር በርካሽ አግኝተሽ ከሆነ እኔ ሱፍነቱን እጠራጠራለሁ። በሸማ ሥራ ብትጀምሪ ኖሮ ድሩ አስቀድሞ ስለሚወጠር ስፋቱ ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምሽም ነበር። የዛሬ ልጆች ከድሩ ሳይሆን ከቪዲዮው ትጀምራላችሁ።

ዳንቴል_ወዳጅ፦
ስንት ሰንሰለት (ተያያዥ የክር ቀለበት) ጀመርሽ? አሁን ስንት ቀረሽ? የኪሮሹ ውፍረት ስንት ቁጥር ነው? ስትዞሪ ስንት ሰንሰለት ትወጫለሽ? እነዚህን ሳትነግሪን ማንም ሊረዳሽ አይችልም።

ከመሐል_ሜዳ፦
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ለማኅሌት ሌሊት የኪሮሽ ሻል ምን ያደርጋል? ደብል ሥራ (ክሩ አንዴ ኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረዘም ያለ ስፌት) ክፍተት ስላለው ነፋስ ያስገባል። ለእናት የሚገባው ጋቢ ነው።

ጠባሴ_02፦
@ከመሐል_ሜዳ ጋቢ አላት። ነጠላውም ጋቢውም ከላይ ይለበሳል፤ ይህ ከሥሩ ነው። በእጄ የሠራሁት እንዲሆን ነው የፈለግሁት።
@ዳንቴል_ወዳጅ 63 ሰንሰለት ነው የጀመርኩት። ቪዲዮው ከ4ኛው ሰንሰለት ላይ ጀምሩ ስላለ እንደዚያው አደረግሁ። 22ኛውን ረድፍ ጨርሻለሁ፤ አሁን ስቆጥረው 40 ነው። ኪሮሹ 4 ቁጥር ነው። ስዞር 3 ሰንሰለት እወጣለሁ።
@እጀ_ሙቅ ላላ አድርጌ ነው የምሠራው።

የቀበሌ_15_ልጅ፦
ቪዲዮው የእንግሊዝ ነው የአሜሪካ? አሜሪካኖች ደብል የሚሉትን እንግሊዞች ትሬብል ይሉታል፤ እንግሊዞች ደብል የሚሉት ደግሞ የአሜሪካኖቹ ሲንግል ነው። እኔ በዚህ የተነሳ አንድ ሙሉ ኮፍያ ፈትቻለሁ።

ዳንቴል_ወዳጅ፦
3 ሰንሰለት የምትወጣ ከሆነ የአሜሪካኖቹ ደብል ነው፤ ችግሩ እዚያ አይደለም።
ጠባሴ፣ እስቲ አብረን እንቁጠር። ከ4ኛው ስትጀምሪ የዘለልሻቸው 3 ሰንሰለቶች እንደ አንድ ደብል ይቆጠራሉ። 60 ደብል ስትጨምሪበት 61 ይሆናል። ከ61 አሁን የቀረሽ 40 ነው፤ 21 ጎድሎብሻል። ከ2ኛው እስከ 22ኛው ያለውም ረድፍ 21 ነው። በየረድፉ አንድ አንድ ነው የጠፋው። ክር እንዲህ ቆጥሮ አይሰበሰብም።

የጠፋው የረድፉ የመጨረሻው ነው። ስትዞሪ የምትወጫቸው 3 ሰንሰለቶች የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ደብል ስለሆኑ፣ ከሥራቸው ያለውን ዘለሽ ሁለተኛው ላይ ትሠሪያለሽ። ይሄን በትክክል እየሠራሽ ነው። ረድፉ ሲያልቅ ግን ያለፈው ረድፍ መዞሪያ 3 ሰንሰለት ዳር ላይ ቀጥኖ ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ ደብል አይመስልም፤ ትተሽው ትዞሪያለሽ። እሱም ደብል ነው። ከታች ስትቆጥሪ ሦስተኛው ሰንሰለት፣ ማለትም ጫፉ ላይ፣ ኪሮሹን አስገብተሽ የመጨረሻውን ደብል ሥሪ። ሥራው በየረድፉ ስለሚገለበጥ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይጎድላል፤ ከሁለቱም ጎን የሾለው ለዚህ ነው።

ስትዞሪ 3ቱን ሰንሰለት እንደወጣሽ ጫፋቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ ተይው። ተመልሰሽ ስትመጪ ራሱ ይጠራሻል።

ጣርማበር_ነፋስ፦
ለምን ይፈታል? እንደዚሁ ቀጥላ እስኪያልቅ ትሥራውና ሦስት ማዕዘን ሻል ይሁንላት! በትከሻ ላይ የሚጣል ሦስት ማዕዘን ያምራል እኮ።

ጠባሴ_02፦
የመጀመሪያውን ረድፍ ለካሁት፤ 38 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ ደግሞ እስካሁን 24።

ዳንቴል_ወዳጅ፦
@ጣርማበር_ነፋስ ላይኛው ጎኑ 38 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን የሕፃን የአንገት ልብስ ነው እንጂ የእናት ትከሻ አይሸፍንም። ሦስት ማዕዘን ከተፈለገ ከላይኛው መሐል በትንሽ ቀለበት ተጀምሮ በየረድፉ እየሰፋ ይሠራል፤ ሦስት ሦስት ደብል በየክፍተቱ ስለሚገባ ለጀማሪ መቁጠርም አያስቸግርም። ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው።

እጀ_ሙቅ፦
ላላ አድርጊው አልኩሽ እኮ።

ጠባሴ_02፦
አየሁት! አሁን ዳሩን በባትሪ አብርቼ አየሁት፤ በየረድፉ ያ ቀጭን ነገር ብቻውን ቀርቷል። 21 ጊዜ ትቼዋለሁ። ሁሉንም ልፍታ ማለት ነው? ሁለት ማታ የፈጀሁበት ነው።

ዳንቴል_ወዳጅ፦
እስከ 1ኛው ረድፍ መጨረሻ ፍቺ። አይዞሽ፤ ኪሮሽ አንድ ቀለበት ብቻ ስለሚይዝ ክሩን ስትስቢ ያለ ችግር ይፈታል። ግን ቀኑን እናስላ። 22 ረድፍ በሁለት ማታ ማለት በማታ 11 ነው። በ4 ቁጥር 22 ረድፍ 24 ሳንቲ ሜትር ከሰጠሽ፣ በስድስት ማታ 66 ረድፍ ብትሠሪ 72 ሳንቲ ሜትር ነው። አይደርስም። ስለዚህ 1ኛውንም ረድፍ ሰንሰለቱንም ፍቺና በ6 ቁጥር እንደገና ጀምሪ። ረድፉ ይረዝማል፣ ሻሉም ይለሰልሳል፤ በ4 ቁጥር የተሠራ ወፍራም ክር ትከሻ ላይ እንደ ቆዳ ይገተራል። 120 ሳንቲ ሜትር ላይ አቁመሽ ደረቷ ላይ በአንድ ቁልፍ ብታያይዥው ይበቃታል።

ከመሐል_ሜዳ፦
ቁልፉ ጥሩ ሐሳብ ነው። ጎንበስ ቀና ስትል አይወድቅባትም። በጋቢው ላይ ያልኩትን አንስቻለሁ።

ጠባሴ_02፦
ትናንት ማታ ሁሉንም ፈታሁት። 6 ቁጥር አጣሁ፤ ጎረቤት 5 ተኩል አበደረችኝ። 5 ረድፍ ሠራሁ፤ አምስቱንም ቆጠርኩ፤ 61፣ 61፣ 61፣ 61፣ 61። ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር መጣ። የተፈታው ክር ግን እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ሆኖ አስቸገረኝ፤ ሥራው ይጎረብጣል።

የሸዋሮቢት_ሰው፦
ባለቤቴ የምትለውን ልጻፍ፦ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ላላ አድርገሽ ጠምጥሚ፣ ሁለት ሦስት ቦታ በሌላ ክር እሰሪ፣ ለብ ባለ ውሃ አርጥበሽ ሳትጨምቂ ስቀዪው። ሲደርቅ ቀጥ ይላል። እስኪደርቅ አዲሱን ድቡልቡል ጀምሪ።

ዳንቴል_ወዳጅ፦
5 ረድፍ 7 ከሆነ፣ 120 ለመድረስ 86 ረድፍ ነው። የቀረሽ 81፣ በአምስት ቀን በቀን 16 ገደማ። ቅዳሜና እሁድን ተጠቀሚባቸው። ለ61 ደብል የሚበቃ ክር ሳይኖርሽ ረድፍ አትጀምሪ፤ አዲስ ክር ዳር ላይ ነው የሚቀጠለው፤ ጫፉንም የመዳፍ ያህል አስቀሪና በመርፌ ወደ ውስጥ አስገቢው።

ጋሽ_ሸማኔ፦
ልጄ፣ ያልኩሽን ቁራጭ አቃጠልሽው?

ጠባሴ_02፦
አቃጠልኩት ጋሼ። ቀለጠ፤ ጠጠር ሆነ።

ጋሽ_ሸማኔ፦
እንግዲያው ሲያልቅ ካውያ እንዳታስነኪው፤ ይለጠፍና ይሞትብሻል። ምንጣፍ ላይ ፎጣ ዘርጊ፣ ሻሉን አርጥበሽ እኩል አድርገሽ በመርፌ ወጥሪው፣ ጥላ ላይ ይደር። እናትሽም ሌሊት ጧፍ አጠገብ ስትቆም ጫፉን እንድትሰበስብ ንገሪያት።