የቦንድ ገቢው አደገ ይላል፣ ካፒታሉ ግን ቀነሰ፦ የመድን ድርጅት ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር የአንድ መድን ድርጅት ባለአክሲዮኖች ለጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄ እያዘጋጀን ነው። ድርጅቱ በአብዛኛው የሚሸጠው የተሽከርካሪ መድን ነው፤ ከጅቡቲ በሚሌ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ትልልቆቹ ደንበኞቹ ናቸው። የቦርዱ ሪፖርት ገና ከመግቢያው የቦንድ ገቢ ማደጉን በደማቅ ጽፏል። ከኋላ ያሉትን ማስታወሻዎች ስንገልጥ ግን ግራ ገባን። አንዱን ቦንድ ብቻ ላንሳ። ቦንዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ 10,000,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ፣ ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ የተገዛው በ8,918,567 ብር። ከአንድ ዓመት በኋላ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ 1,070,228 ብር ወለድ ተመዝግቧል፤ ባንክ የገባው ግን 900,000 ብር ብቻ ነው። «ሌላ ሁሉን አቀፍ ገቢ» በሚለው ሥር (በዓመቱ ትርፍ ሳያልፍ ካፒታሉን በሚነካው ክፍል) ደግሞ የ801,782 ብር ቅናሽ አለ። ባንክ ያልገባው 170,228 ብር እንዴት ገቢ ይባላል? ቦንዱስ አተረፈ ወይስ ከሰረ?

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ ይታረቃሉ።

ቦንዱ በተገዛበት ቀን ገበያው ለተመሳሳይ ቦንድ 12 በመቶ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። 9 በመቶ ብቻ የሚከፍል ወረቀት በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ስለማይገኝ 1,081,433 ብር ተቀንሶለት ተሸጠ። ይህ ቅናሽ ወለድ ነው፤ ልዩነቱ በየዓመቱ በእጅ አለመግባቱና በመጨረሻው ቀን 10 ሚሊዮኑ ሲመለስ አብሮ መምጣቱ ብቻ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 (ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ቦንድን የሚመለከተው) ስለዚህ ገቢው በኢፌክቲቭ የወለድ መጣኔ፣ ማለት ቅናሹም ተቆጥሮ ከግዢው ዋጋ በሚወጣው እውነተኛ ወለድ፣ እንዲሰላ ያዛል፦ 8,918,567 በ12 በመቶ 1,070,228 ይሆናል። 900,000ው በጥሬው ገባ፤ 170,228ው የቦንዱን የመዝገብ ዋጋ ወደ 9,088,795 ከፍ አደረገው። በሁለተኛው ዓመት ስሌቱ የሚነሣው ከዚህ ከአዲሱ ዋጋ ነው፤ ወለዱ 1,090,655፣ የመዝገብ ዋጋው 9,279,450 ይሆናል። እንዲህ እያለ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ልክ 10,000,000 ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ሠንጠረዡ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ቅናሹን ለአምስት እኩል ማካፈል ነው። በዓመት 216,287 ብር ይመጣል፤ ያኔ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ በ46,059 ብር ያብጣል፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ይከሳሉ። የናንተ ድርጅት ይህን በትክክል ሠርቷል።

ወደ 801,782ው እንምጣ። ዓመቱ ሲዘጋ ገበያው የሚጠይቀው ወለድ ከ12 ወደ 15 በመቶ ወጥቷል። የቀሩት ክፍያዎች ሦስት ጊዜ 900,000፣ በመጨረሻም 10,900,000 ናቸው። እነዚህን በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ መልሷቸው፤ ድምሩ 8,287,013 ነው። ከ9,088,795 ሲቀነስ ያው 801,782 ይመጣል። ዛሬ ቢሸጥ ከመዝገብ ዋጋው የሚጎድለው ይህን ያህል ነው። ሳይሸጥ እስከ መጨረሻው ቢያዝና ከፋዩ በቀኑ ቢከፍል ጉድለቱ በአራቱ ዓመት ቀስ በቀስ ይጠፋል።

አተረፈ ወይስ ከሰረ ላልከው፣ የመዝገብ ምርቱ (የተመዘገበው ወለድ ለተገዛበት ዋጋ ሲካፈል) 12 በመቶ ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ምርት ግን 900,000 ሲደመር 8,287,013፣ ሲቀነስ 8,918,567፣ ማለት 268,446 ብር ነው፤ በተገዛበት ዋጋ ሲካፈል 3.01 በመቶ። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። 12ቱ በግዢው ቀን ምን ዓይነት ውል እንደተያዘ ይናገራል፣ 3ቱ በዚህ ዓመት በንብረቱ ላይ የደረሰውን። የመጀመሪያውን በደማቅ አትሞ ሁለተኛውን ባለአክሲዮኑ ራሱ ቆፍሮ እንዲያወጣ መተው ግን ተገቢ አይደለም፤ ጉባኤው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቅረቡልን በሉ።

ሐይቅ ዳር፦
የቦርከና ስሌት ልክ ነው። ያ 801,782 ለዓይናችሁ የበቃው ግን በምደባው ምክንያት ስለሆነ እሱንም ተመልከቱ።

በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት መድን ሰጪዎች ሒሳባቸውን የሚያቀርቡት በአይኤፍአርኤስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቦንድ ከሦስት ሣጥን በአንዱ ይገባል። ክፍያዎቹን ለመሰብሰብ ብቻ ከተያዘ በአሞርታይዝድ ኮስት፣ ማለት ቦርከና ባሰላው በየዓመቱ ከፍ በሚለው የመዝገብ ዋጋ፣ ይመዘገባል፤ የናንተው ቦንድ በ9,088,795 ይቀመጥና የገበያ ዋጋው ማስታወሻ ውስጥ ብቻ ይነገራል፣ ካፒታሉም አይነካም። ለመሰብሰብም ለመሸጥም ከተያዘ በገበያ ዋጋ ይቀመጥና ልዩነቱ በሌላ ሁሉን አቀፍ ገቢ ያልፋል፤ የናንተ እዚህ ነው። ከሁለቱም ውጭ ከሆነ፣ ወይም ክፍያው ዋናውና ወለዱ ብቻ ካልሆነ (ለምሳሌ ወደ አክሲዮን የሚቀየር ቦንድ)፣ ልዩነቱ በቀጥታ ትርፍና ኪሳራው ውስጥ ይወድቃል። አንድ ቦንድ፣ አንድ ገበያ፣ ሦስት ዓይነት ሪፖርት። ሁለት መድን ድርጅቶችን ከማነጻጸራችሁ በፊት የምደባውን ማስታወሻ አንብቡ።

ሁለተኛው ሣጥን አንድ አደገኛ በር አለው። ቦንዱ ሲሸጥ በሌላ ሁሉን አቀፍ ገቢ የተከማቸው ልዩነት ወደ ትርፍ ይዛወራል። ትርፍ የቀነሰበት ዓመት ሰኔ ላይ ዋጋቸው የወጡትን ቦንዶች መርጦ መሸጥና የወረዱትን ማቆየት ይቻላል ማለት ነው። የዓመቱ ትርፍ ያምራል፣ የቀረው ክምችት ግን ደካማው ነው። «ወደ ትርፍና ኪሳራ የተዛወረ» የሚለውን መስመር የሦስት ዓመት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። በአሞርታይዝድ ኮስት ከተያዙት ውስጥ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚሸጥ ካለ ምደባው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የገበያ ዋጋው ከየት መጣ ብላችሁም ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ነው፤ ቦንድ በየቀኑ አይገበያይም፤ ስለዚህ ዋጋው በአብዛኛው ከሞዴል የወጣ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ወረቀት) ጨረታ የሚያሳየው ቢበዛ የ364 ቀን ወለድ ነው። ለአራት ዓመት ቦንድ ከዚያ በላይ ያለው በግምት ይቀጠላል። የናንተ ቦንድ ላይ የወለድ ግምቱ በ1 መቶኛ ነጥብ ቢሳሳት ዋጋው ወደ 250,000 ብር ይዛባል። 15 በመቶው ከየት እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻለ የፋይናንስ ክፍል 8,287,013ንም ማስረዳት አይችልም።

ጢጣ፦
እኔ የምጨምረው የቀን ቆጠራን ነው፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቦንዱ ወለዱን በየዓመቱ ታኅሣሥ 30 የሚከፍል ከሆነ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው ወለድ ባይገባም የዓመቱ ገቢ ነው። «ስድስት ወር ስለሆነ ግማሹ» ብሎ 450,000 መጻፍ ግን ስሕተት ነው። ጳጉሜ የምትውለው በመጀመሪያው ግማሽ ስለሆነ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለው 185 ቀን፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው 180 ቀን ነው። 900,000 በ180 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 443,836 ብር ነው። የ6,164 ብር ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ በ500 ሚሊዮን ብር ቦንድ ላይ ግን 308,219 ብር ይሆናል። መጀመሪያ የቦንዱን ውል አንብቡ፤ ዓመቱን በ360 ቀን የሚቆጥር ውልም አለ፤ ያኔ ስሌቱ ሌላ ነው።

ሌላው በወለድ መክፈያ ቀኖች መካከል የሚገዛ ቦንድ ነው። ከመጨረሻው ክፍያ 120 ቀን በኋላ ከተገዛ ገዢው ለሻጩ የ120 ቀን ወለድ፣ 295,890 ብር፣ ከዋጋው በላይ ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ተሰብሳቢ ተብሎ ለብቻው መያዝ አለበት። በቀጣዩ ክፍያ 900,000 ሲገባ ከቦንዱ ወለድ የገዢው ድርሻ 604,110 ብር ነው። ሙሉውን ገቢ ያደረገ ድርጅት የሻጩን ወለድ የራሱ አድርጎ እየዘገበ ነው።

በሪፖርቱ መጨረሻ የሚወጣውን «አማካይ ምርት» የሚባል መቶኛም እንዳለ አትቀበሉት። በዓመቱ መጀመሪያ 200 ሚሊዮን ብር ቦንድ ነበረ፣ ግንቦት 1 ቀን 100 ሚሊዮን ተጨመረ፣ የዓመቱ ገቢ 23.8 ሚሊዮን ሆነ እንበል። መነሻና መድረሻው ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 250 ሚሊዮን፣ ምርቱ 9.52 በመቶ ነው። አዲሱ 100 ሚሊዮን ግን የሠራው 60 ቀን ብቻ ነው። በቀን ሲመዘን አማካዩ 216.4 ሚሊዮን፣ ምርቱ 11 በመቶ ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ሸጦ ለወጣ ድርጅት ደግሞ ስሕተቱ በተቃራኒው ይሆንና ምርቱ ከእውነቱ በላይ ይታያል።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ያክብርልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለመንግሥት ቦንድ የተያዘው የብድር ኪሳራ መጠባበቂያ (ከፋዩ ባይከፍል ተብሎ የሚያዘው) «ዜሮ» ይላል፤ ምክንያቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ መንግሥት ስለማይከስር። ይህ ያስኬዳል? ደግሞ የተሽከርካሪ ካሳ ቶሎ የሚከፈል ነገር ሆኖ ሳለ የ5 ዓመት ቦንድ መግዛቱስ ልክ ነው?

ቦርከና፦
አስልቶ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማግኘትና ሳያሰሉ ዜሮ መጻፍ ለየቅል ናቸው። መንግሥት አይከስርም የሚለው ለሁሉም ወረቀት አይሠራም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በዓለም ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል። በብር የተሸጡት የግምጃ ቤት ሰነዶች ግን በውጭ ዕዳው ሽግሽግ ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ የብርና የዶላር ወረቀት ሥጋት ለየብቻ መሰላት አለበት፤ ማስታወሻውም የተጠቀመበትን የመክሰር ዕድልና ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

ለኩባንያ ቦንድ ስሌቱ ግልጽ ነው። 10 ሚሊዮን ብር፣ በ12 ወር ውስጥ ያለመክፈል ዕድሉ 2 በመቶ፣ ካልከፈለ የሚጠፋው 60 በመቶ ከሆነ መጠባበቂያው ወደ ዛሬ ዋጋ ሳይመለስ 120,000 ብር ነው። የከፋዩ አቋም ከግዢው ቀን ወዲህ ጉልህ በሆነ መጠን ከተዳከመ ስሌቱ ከ12 ወር ወደ ቀሪው ዘመን በሙሉ ይሰፋል። ክፍያ 30 ቀን ሲያልፍ ተዳክሟል ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ድርጅት ማስረጃ ያምጣ። እንደናንተው በገበያ ዋጋ በተያዘ ቦንድ ላይ መጠባበቂያው ከቦንዱ ዋጋ ዳግም አይቀነስም፤ ወጪው በትርፍና ኪሳራ ይገባል፣ ሌላው ጎኑ በሌላ ሁሉን አቀፍ ገቢ ይቀመጣል። ሁለቴ የቀነሰ ሪፖርት ካያችሁ ስሕተት ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ለ20 ዓመት የሕይወት መድን የሸጠ ድርጅት ረጅም ቦንድ ቢይዝ ግዴታውም ረጅም ነው። ገበያው 15 በመቶ ሲደርስ ቦንዱ ይወርዳል፣ በአይኤፍአርኤስ 17 (የመድን ውሎች ደረጃ) በገበያ ወለድ የሚሰላው ግዴታም አብሮ ይወርዳል፤ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። የተሽከርካሪ መድን ላይ ይህ የለም። ደረጃው በቀላሉ መንገድ ለሚለኩ ውሎች፣ ጉዳቱ ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ይከፈላል ተብሎ የሚጠበቅ ካሳ ወደ ዛሬ ዋጋ እንዳይመለስ ይፈቅዳል። ይህን የመረጠ ድርጅት ወለድ ሲወጣ ካሳው አይቀንስለትም፤ 801,782ውን የሚሸከመው ካፒታሉ ብቻ ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መሸጥ የሚያስገድድ ቀን ሲመጣ ነው። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ እ.ኤ.አ. ማርች 2023 የወደቀው ያልታየ የቦንድ ኪሳራ ይዞ ሳለ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሊወስዱ በአንዴ ስለመጡ ነው። የመድን ድርጅት ላይ የሚመጣው ካሳ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ መተመን ስለጀመረ ከውጭ የሚመጣ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይወጣል፤ ያ የካሳውን ወጪ ያሳድጋል፤ ቦንዱ ግን ያንኑ 900,000 ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ለካሳ የሚጠበቀው ገንዘብ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድና በባንክ ተቀማጭ ተከፋፍሎ ቢደረደር፣ የ5 ዓመቱ ቦንድ ደግሞ ከባለአክሲዮኖች ካፒታል ብቻ ቢገዛ ይሻላል። የፍርድ ቤት ክርክር ያለባቸው የሦስተኛ ወገን የአካል ጉዳት ካሳዎች ዓመታት ስለሚወስዱ ለእነሱ መካከለኛ ዘመን ያለው ቦንድ ያስኬዳል።

ይህን ለማየት ከሥጋት ማስታወሻው ውስጥ የክፍያ ጊዜ ሠንጠረዡን አውጡ፤ ንብረትና ግዴታ «እስከ 1 ዓመት»፣ «ከ1 እስከ 5 ዓመት» እየተባለ የተከፈለበት ነው። «እስከ 1 ዓመት» በሚለው ረድፍ የሚከፈለው ካሳ ከሚገባው ገንዘብ ከበለጠ፣ ልዩነቱን ለመሸፈን የትኛውን ቦንድ በስንት ሊሸጡ እንዳሰቡ ስሙን ጠርተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ።