ጀምሮ መተው ሰለቸኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አዲስ ነገር ስጀምር ወኔዬ ሌላ ነው። ማታ ደብተሬ ላይ እቅድ እጽፋለሁ። ጠዋት አላርሙ ሲጮህ ግን «ለምን ብዬ?» የሚል ሐሳብ ይመጣና ብርድ ልብሴን መልሼ እከናነባለሁ። አንድ ቀን ካመለጠኝ በቃ፣ ሁሉም ነገር ያበቃለት ይመስለኛል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀን ገደማ እንደሚፈጅ፣ አንድ ቀን መዝለልም ያን ያህል እንደማይጎዳ አሳይተዋል። ይህን አውቃለሁ፤ ልቤ ግን አልቀበል አለ።

ከሁሉም የከበደኝ ደግሞ ቤተሰቤ የሚመኝልኝንና እኔ ከልቤ የምፈልገውን መለየት ነው። እናንተ እንዴት ለያችሁት? ዓላማ ቀድሞ ይገኛል ወይስ እየሠሩ ነው የሚመጣው? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ምን እንደቀየራችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።