የቤዛ ኩሉ ፎቶ፦ ነጠላው ሰማያዊ፣ ድንጋዩ ብርቱካናማ ሆነ

ጦሳ ግርጌ፦
ሰላም ለቤቱ። ፎቶው ላሊበላ ቤተ ማርያም፣ በገና ጠዋት የተነሳ የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ነው። ራው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ) ፋይል፣ 24 ሜጋፒክስል፣ አይኤስኦ 200። ማሜ ጋራ (ግቢውን የከበበው አለት አናት) ላይ የቆሙት ካህናት ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ታች ግቢው ውስጥ ያሉት ጥላ ውስጥ። ታቹን ለማውጣት ሻዶው (ጨለማውን ቦታ የሚያፈካውን ስላይደር) ስጨምር ነጠላው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እሱን ላሞቅ ስል ደግሞ ድንጋዩ ብርቱካናማ፣ የላዮቹ ጥምጥም ቢጫ ይሆናል። ደሴ ላይ ለኤግዚቢሽን 60 በ40 ሴንቲሜትር ሊታተም ነው። ሌላው፣ የመጠለያው የብረት ምሰሶ ጥግ ላይ ገብቷል። ላጥፋው? አንድ ወዳጄ «ኤዲት ከተደረገ ፎቶ ሳይሆን ሥዕል ነው» ብሎ ይከራከራል።

ቦርከና፦
ችግሩ ፎቶው ውስጥ ሁለት ብርሃን መኖሩ ነው። ፀሐዩ 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል) አካባቢ ነው። ጥላውን የሚያበራው ግን ሰማዩ ስለሆነ 7,500 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሰማዩ ስለሚጠራ ደግሞ ይብሳል። አንድ ኋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) ሁለቱን አያስታርቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለፀሐዩ ክፍል ብቻ አስተካክል። ከለር መምረጫውን ጥምጥም ላይ ስታደርግ ግራጫ የሚመስለውን እጥፋት ምረጥ፤ የተቃጠለ (ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ የጠፋ) ነጭ ላይ ካደረግከው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል። ከዚያ ጥላውን በማስክ (ማስተካከያው የተመረጠውን ቦታ ብቻ እንዲነካ በሚያደርገው መሣሪያ) ለይና እዚያ ውስጥ ብቻ ሙቀቱን ጨምር፣ ኤክስፖዠሩንም ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ከፍ አድርግ። ዋናውን የሻዶው ስላይደር ተወው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ከግድግዳው ተጠግቶ የቆመ ሰው ነጠላው ትንሽ ቀላ ቢል ስህተት አይደለም፤ ቀዩ ድንጋይ የመለሰው ብርሃን ነው። እሱን አጥበህ ፍጹም ነጭ ካደረግከው ሰውየው ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ብዙ የላሊበላ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የድንጋዩን ቀለም በጠቅላላው ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) አትንካ። የብርቱካን ስላይደር የፊት ቆዳንም ይዞ ስለሚሄድ፣ ድንጋዩን ብቻ በማስክ ይዘህ ከ10 እስከ 15 ቀንስ። የነጠላው ደማቅ ቦታ ከ255 (ከመጨረሻው የብርሃን ቁጥር) ሳይሆን ከ240 እስከ 245 ላይ ይቁም፤ 255 ከሆነ ህትመቱ ላይ ባዶ ወረቀት ነው። ሂስቶግራሙን (የብርሃን ስርጭቱን ግራፍ) ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ለየብቻ እይ፤ ቀይ ጥለት ላይ ቀዩ ቀድሞ ይቃጠላል፣ ጠቅላላው ግን ደህና መስሎ ይታያል። ኖይዝ (የፎቶ ነቁጥ) ማጥፊያውንም አታብዛ፣ ሽመናውን ይበላዋል።

ሐይቅ ዳር፦
ወዳጅህ ካሜራው ራሱ ኤዲተር መሆኑን ዘንግቶታል። ጄፔግ ስታነሳ ካሜራው ኮንትራስቱንና ቀለሙን በራሱ ወስኖ፣ በ14 ቢት የመጣውን 16,384 የብርሃን እርከን ወደ 256 ጨምቆ ነው የሚሰጥህ። በራው ውሳኔው ወደ አንተ ዞረ እንጂ ኤዲቱ ቀድሞም ነበር። በፊልሙ ዘመን አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዱን ቦታ ከብርሃን እየከለለ ያፈካ፣ ሌላውን ብርሃን እየጨመረ ያጠቁር ነበር። ቦርከና በማስክ አድርግ ያለህም ያንኑ ነው።

ምሰሶው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የነበረውን ብርሃን ማስተካከልና የነበረውን ነገር እንዳልነበረ ማድረግ አንድ አይደሉም። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዜና ፎቶ ውድድር በ2015 እ.ኤ.አ. ከመጨረሻው በፊት ወደነበረው ዙር ከደረሱት ፎቶዎች 20 በመቶውን በኤዲቲንግ ምክንያት ጥሏል። ኤግዚቢሽንህ ዶክመንተሪ ከሆነ ተወው። ኪነ ጥበብ ነው ካልክ መብትህ ነው፤ ግን መግለጫው ላይ ጻፈው። እኔ ብሆን አልነካውም። በዚያ ላይ ምሰሶውን ስታጠፋ ጥላው ድንጋዩ ላይ ይቀራል፤ በክሎን (ከሌላ ቦታ ቀድቶ በመለጠፍ) ስትሸፍነው ደግሞ የመሮው ጭረት ሲደጋገም ከሩቅ ያስታውቃል።

ጦሳ ግርጌ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክሮፕ ባደርገውስ? ለ60 ሴንቲሜትር ይበቃኛል?

ፒያሳ ህትመት፦
ይበቃል። 6,000 ፒክስል ለ60 ሴንቲሜትር በኢንች 254 ፒክስል ይሰጣል፤ ከወርዱ 10 በመቶ ብትቆርጥ 229 ይሆናል። ከአንድ ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ቁመቱንም በዚያው ልክ ቁረጥ፣ አለዚያ 3 ለ2 መጠኑ ይፈርሳል።

ፋይሉን በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም መስፈርት) አውጣና ለማተሚያ ቤቱ «ማሽኑ በራሱ አያስተካክል» በል። ያንን ካላጠፉት ጥላውን ያፈካዋል፣ የደከምክበት ማስክ ሁሉ ገደል ገባ። የስክሪንህንም ብርሃን ዝቅ አድርገህ ሥራ፤ ህትመት ጠቆረ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ስለሚያበራ ነው። መጀመሪያ ጥምጥም፣ ፊትና ድንጋይ ያለበትን ቁራጭ በትክክለኛው መጠኑ 10 በ15 ላይ አሳትምና አዳራሹ ውስጥ፣ በአዳራሹ መብራት እየው። ወረቀቱ ማት ይሁን፤ ግሎሲ ላይ ነጩ ነጠላ ከአምፖሉ ጋር ያብለጨልጫል።