«አንጓ»፣ «ሰዓት» ወይስ «ምት»?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ወገን! አንድ ትርጉም አንቆ ይዞኛል። በጽንስ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሰለፉ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ሶማይት ይባላሉ። ኋላ አከርካሪ፣ የጎድን አጥንትና ጡንቻ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። «ክፍል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳነበው የመማሪያ ክፍል መሰለኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
«አንጓ» እያለ ምን አስጨነቀህ? ልክ እንደ ሸምበቆ ነው።

ጠርጣራው፦
አንጓ እኮ መጋጠሚያው ነው። የእጅ አንጓ የምንለው ክንድና መዳፍ የሚገናኙበትን አይደል?

ፊደል ቆጣሪ፦
እሱም ነው። ግን «አንድ አንጓ ሸምበቆ ቁረጥልኝ» ብትባል መጋጠሚያዋን ብቻ ይዘህ ትመጣለህ?

የላብራቶሪው ሰው፦
ሳታውቁት ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንድ የአከርካሪ አጥንት የሚሠራው የአንዱ ሶማይት የኋላ ግማሽ ከተከታዩ የፊት ግማሽ ጋር ተዋህዶ ነው። በጽንሱ ላይ ድንበር የነበረው ኋላ የአጥንቱ መሃል ይሆናል ማለት ነው። ጡንቻው ግን እንደነበረ ስለሚቀር ከአንዱ አጥንት ወደ ቀጣዩ ተሻግሮ ይያያዛል። ጀርባችን የሚተጣጠፈው በዚህ ነው።

ቃል ፈላጊ፦
አንጓ ጸደቀ! ፍጥነቱንስ? በዶሮ ጽንስ በየ90 ደቂቃው አንድ ጥንድ ይወጣል። በአይጥ በየ2 ሰዓቱ ገደማ፣ በሰው በየ5 ሰዓቱ ገደማ። ይህን የሚመራውን «የአንጓ ሰዓት» ልበለው ብዬ ነበር። «ሰዓቱ በየ2 ሰዓቱ» ብዬ ስጽፍ ራሴው ሳቅሁ።

የላብራቶሪው ሰው፦
«ምት» በለው፣ እንደ ልብ ምት። በሴሉ ውስጥ አንድ ጂን (የውርስ መመሪያ) ይበራል፣ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ዞሮ የገዛ ጂኑን ያጠፋዋል። ፕሮቲኑ ሲፈርስ ጂኑ እንደገና ይበራል። ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም፤ መምታት ብቻ። ኩክና ዚማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ይኖራል ብለው ያሰቡት ምት፣ በ1997 በዶሮ ጽንስ ውስጥ ታየ። አንዳንድ እባብ ከ300 በላይ አንጓ የሚያወጣውም ምቱ ከጽንሱ እድገት አንጻር ፈጣን ስለሆነ ነው።

ጠርጣራው፦
በዓሣ ጽንስማ ውኃው ቀዝቀዝ ሲል ምቱም ይዘገያል። ታዲያ ሰዓትነቱ ምኑ ላይ ነው? እኔም «ምት» ብያለሁ። ብቻ «የአንጓ ምት» ሲባል ሰው እጁ ላይ በዱላ የተመታ እንዳይመስለው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ያኔ «ምተ አንጓ» እንለዋለን። ግዕዝ ከመሰለ ማን ይጠይቃል!