የህንዱ የፊልም ዜማ ደራሲ ኤ. አር. ራህማን ከመጀመሪያ ፊልሙ ከ«ሮጃ» በፊት ምን ነበር የሚሠራው?

የዴይራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ አንድ ሆቴል ማድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አጠገቤ የሚቆመው የቼናይ ሰው ነው። ሽንኩርት ሲከትፍ ስልኩን ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይከትና ዘፈን ይከፍታል። ሳህኑ ድምፁን ያጎላዋል። ትናንት አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ከፈተ፣ ሴት ናት የምትዘፍነው። «የራህማን ሥራ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። እኔ ራህማንን የማውቀው ባቡር ጣሪያ ላይ በሚጨፈርበት በሻሩክ ካን ዘፈን ነው፤ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ስንት ጊዜ እንዳየሁት! «ማንም ሳያውቀው በፊት የሠራው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ወዲያው ትእዛዝ መጣና ወሬው ተቋረጠ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ከመታወቁ በፊት ምን ምን ቀርጿል? ግጥሙንስ ራሱ ነው የሚጽፈው? ነገ እሱ ፊት አዋቂ መምሰል አምሮኛል።

ፈንዲሻ፦

ከኦስካሩ ጀምሪ። «ስላምዶግ ሚሊየነር»፣ 2009፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ኦስካር። ከዚያ በፊት ያለው ለህንዶቹ ነው።

ባለኪቦርዱ፦

ፈንዲሻ ወንድሜ፣ አንተማ በሠርጉ ማግስት ነው የደረስከው።

እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ኪቦርድ ስነካካ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሠርግ፣ ሆቴል፣ ካሴት፣ ያልገባሁበት የለም። ወሬው ቢረዝምብሽ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው።

ራህማን ሲወለድ ራህማን አልነበረም። በ1967 ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ሲወለድ ስሙ ዲሊፕ ኩማር ነው። አባቱ አር. ኬ. ሼከር ማላያላም በሚባለው የደቡብ ህንድ ቋንቋ ለሚሠሩ ፊልሞች ዜማ የሚሠሩና የሚያቀናብሩ ሰው ነበሩ። ልጁ 9 ዓመት ሲሆነው ሞቱ። ትተውት የሄዱት ሀብት የሙዚቃ ዕቃቸውን ነው። ቤተሰቡም ዕቃውን እያከራየ ኖረ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። እኔ የተከራይ ወገን ነኝ። ድሮ ለሠርግ የምከራየው ኪቦርድ መሃል ላይ ያለችው «ላ» አትጮህም ነበር። ትዝታን ያለ «ላ» ሞክሩትና ንገሩኝ! አንዱን ሠርግ ሙሉ ሌሊት እሷን እየዘለልኩ ተጫወትኩ። ጠዋት ስመልስ ባለቤቱ «አንተ ነህ የሰበርካት» ብሎ መያዣዬን በላኝ። እና የዚያ ልጅ ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አከራይና ተከራይ ነው። ሳቁብኝ።

ልጁ ገና በ11 ዓመቱ ገደማ ኪቦርድ እየተጫወተ ለቤቱ ብር ማምጣት ጀመረ። በ1980 በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ አራት ኪቦርድ ባንዴ ሲጫወት ታየ። በኋላ ትምህርቱን አቋረጠ። የደቡብ ህንድን የፊልም ሙዚቃ በእጁ አድርጎት የነበረው ኢላያራጃ ዘንድ ኪቦርዲስት ሆነ። ለሌላው የፊልም ዜማ ደራሲ ለኤም. ኤስ. ቪስዋናታን ተጫወተ፣ ታብላ ከሚባለው የህንድ ከበሮ ጌታ ከዛኪር ሁሴን ጋር ዞረ። ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። ሰው የሚያውቀው ዘፋኙንና የዜማውን ባለቤት ነው። ከኋላ ኪቦርዱን ማን እንደነካው ማን ይጠይቃል? ይሄን እንኳ ማስረጃ አልፈልግም፣ ኖሬበታለሁ።

ቀጥሎ ማስታወቂያ። ለእኔ ዋናው ምዕራፍ ይሄ ነው። ለአልዊን ሰዓት፣ ለሊዮ ቡና፣ ለታይታን ሰዓት ዜማ ሠራ። የታይታኑ ከሞዛርት 25ኛ ሲምፎኒ የተወሰደ ነው። ማስታወቂያ ተራ እንጀራ እንዳይመስልሽ። ያለሽ 30 ሰከንድ ነው። ረጅም መግቢያ የለ፣ አዝማች እየደጋገሙ ማራዘም የለ። ሰውዬው ቡናውን ሳያስቀምጥ ጆሮው ውስጥ መግባት አለብሽ። «ሮጃ» ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ገና ከመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚይዝሽ ለምን ይመስልሻል?

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጓደኛሽ የከፈተው «ሴት ሚ ፍሪ» ከሚለው አልበም ይመስለኛል። ዘፋኟ ማልጉዲ ሱባ ናት፣ 1991። ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1989 የወጣ «ዲን ኢሳይ ማላይ» የሚባል አለ፤ በታሚል ቋንቋ የተሠራ፣ እኛ መንዙማ የምንለው ዓይነት። ቤተሰቡ እስልምናን የተቀበለውም በዚያው ሰሞን ነው። ዲሊፕ ራህማን የሆነው ያኔ ነው።

ቤቱ ጓሮም ስቱዲዮ ሠራ፣ «ፓንቻታን ሬከርድ ኢን» ይባላል። ማኒ ራትናም የሚባለውን ዳይሬክተር ያገኘው ለሊዮ ቡና ማስታወቂያው በተሸለመበት ዝግጅት ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ስቱዲዮው ድረስ መጥቶ አዳመጠ። ከዚያ «ሮጃ»፣ ነሐሴ 1992። የተከፈለው 25,000 ሩፒ ነው።

«ቺና ቺና አሳይ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፣ ሳህኑን ተዪው። ትንንሽ ምኞቶች ማለት ነው። ሚንሚኒ የምትባል ልጅ ናት የዘፈነችው። ከላይ ዜማው የመንደር ልጅ ነው። ከታች ቤዙን ተከተይው፣ ሬጌ የመሰለ ነገር ታገኛለሽ። ያኔ እዚያ የለመዱት ትልቅ ኦርኬስትራ አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ባንዴ መቅዳት ነው። እሱ አንዱን ሙዚቀኛ ለብቻው ይቀዳል፣ ሌላውን በላዩ ይደርባል፣ ከዚያ በኮምፒውተር ያስተካክላል። ለዚህ ነው በድምፆቹ መሃል አየር ያለው።

ሲኒማ ራስ፦

ይሄ አየር የምትለው ነገር ነው የገደለን! እኛ የላታ ማንጌሽካርን ድምፅ ሰምተን ሲኒማ ራስ ውስጥ ያለቀስን ሰዎች ነን። ቋንቋውን ሳንሰማ። ከራህማን ወዲህ ማሽን ነው የሚያለቅሰው።

ባለኪቦርዱ፦

ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን ያች ልጅ ያለችው የባቡሩ ዘፈን ያለበት «ዲል ሴ»፣ 1998፣ እዚያው ፊልም ላይ «ጂያ ጃሌ»ን የዘፈነችው ማን ናት? ላታ ራሷ። «ቦምቤይ» ፊልም ላይ ያለውን ዋሽንትም ናቪን ኩማር የሚባል ሰው ነው በሳንባው የነፋው። ማሽን እንዲያ አይነፋም።

የግጥሙን ነገር ዘንግቼው። አይ፣ እሱ የዜማና የቅንብር ሰው ነው። የ«ሮጃ»ን ግጥም በታሚል የጻፈው ቫይራሙቱ ነው። የ«ስላምዶግ» ዘፈን የ«ጃይ ሆ» ግጥም የጉልዛር ነው። እኛ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብለን እንደምንከፍለው አስቢው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የእሱ ናቸው።

ፈንዲሻ፦

እሺ ተሸንፌያለሁ። የመጀመሪያ ፊልሙ ተሸለመ ወይስ እንደዚያ አልበም ዝም ተባለ?

ባለኪቦርዱ፦

ተሸለመ እንጂ! የሀገሪቱን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በመጀመሪያ ፊልሙ ወሰደ። ሌላው ተፎካካሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢላያራጃ፣ የድሮ አለቃው። ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉ። ሰብሳቢው ዳይሬክተር ባሉ ማሄንድራ ድምፁን ለራህማን ሰጠ። ማሄንድራ ደግሞ የፊልሞቹን ሙዚቃ ለዓመታት ሲያሠራ የኖረው ኢላያራጃን ነው። እኔ ብሆን እጄን ማንሳት ያቅተኝ ነበር።

የዴይራዋ፦

ባለኪቦርዱ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጓደኛዬን ፈተንኩት። አልበሙ እንዳልከው ነው። «ሰባት ለሰባት» ስለው ግን ፊቱ ቅጭም አለ፤ ለካ አባቱ የኢላያራጃ ወገን ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ እስካሁን አይነሳም። ከዚያ «ሊዮ ኮፊ» አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠና ማስታወቂያውን በአፉ ታንታናን እያለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመረልኝ። ዕቃ አጣቢው ልጅ፣ እሱም የዚያው ሀገር ሰው ነው፣ ከወዲያ ማዶ ተቀበለው። ሸፉ ዞሮ «ሽንኩርቱስ?» አለ።