240ዜድ፦ ሞተሩን ልቀይር ወይስ እግሯን ላስቀድም?

ቀዩ ዜድ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ የተወልኝ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ አለችኝ። ስምንት ዓመት ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ባለፈው ወር ባትሪ ቀይረን፣ ሁለቱን ካርቡራተሮች አጥበን፣ አዲስ ቤንዚን ሰጥተናት በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ደስታዬ ግን ከሩብ ሰዓት አላለፈም፤ ሰማያዊ ጭሷ ግቢውን ሞላው። ኮምፕሬሽኗን ስንለካ አራተኛው ሲሊንደር የሌሎቹን ግማሽ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ስለዚህ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ከወረደ ወዲያ ግን ያንኑ 2.4 ሊትር ጠግኜ መመለሱ አልዋጥልህ ብሎኛል።

አንድ ኤልኤስ1 ከነካምቢዮው የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። በ1997 ከኮርቬት ጋር የወጣው 5.7 ሊትር ቪ8 ነው፤ 345 የፈረስ ጉልበት። የእኔዋ ኤል24 አዲስ ሳለች 151 ነበር የሚባልላት። ከዚሁ ጋር መኪናዋን በአምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርጉ አጫጭር ሞላዎች አይቻለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ዳትሰን የኒሳን ናት፤ የኒሳን ልብ ካልሆነ አትንካት፣ የኒሳኑን አርቢ26 ሞተር ጫን» እያለ ይነዘንዘኛል።

ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይችልም። ዘንድሮ ሞተሩን ገዝቼ፣ እግሯን፣ ማለትም ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ባሳድረው ምን ይመስላችኋል?

ስምንት ሲሊንደር

ሞተሩን ግዛ! ከነካምቢዮው የተገኘ ሞተር ሁለት ጊዜ አይገኝም። ጓደኛህን አትስማው። አርቢ26 ግሩም ሞተር ነው፤ ነገር ግን ብሎኩ ብረት ነው፣ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር ተደርድረው ረጅም ያደርጉታል፣ ሁለት ቱርቦም ተንጠልጥሎበታል፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው አፍንጫዋ ላይ ነው። ኤልኤስ1 አሉሚኒየም ነው፤ ካምሻፍቱም በብሎኩ መሐል ስለሚያልፍ ከላይ ጠባብ፣ ቁመቱም አጭር ነው። ወደ ኋላ ገፍተህ ከሾፌሩ እግር አጠገብ ታስቀምጠዋለህ። ሞላውን በኋላ ታገኘዋለህ።

የድሮ መፍቻ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለበትም። ከእኔ በፊት የመለሰልህም ወንድማችን አላነሣውም። ነገሩን አቆየዋለሁ፤ ብቻ እንዳልረሳው ከወዲሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት ግድም አንተ ያሰብከውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ የእኔዋ የ1971 ናት። መጀመሪያ ዝቅ አደረግኳት፤ አንተ ባየሃቸው ዓይነት ሞላዎች፣ በአምስት ሳንቲ ሜትር። ስትቆም ያየ ሁሉ ዞሮ ይመለከታት ነበር። ስትሄድ ግን ሌላ ፍጥረት ሆነች። አንድ ቀን ማለዳ፣ ፈጣን ባልሆነ መታጠፊያ ላይ፣ የግራው ጎማ አስፋልቱ ላይ የነበረች አንዲት የጥገና እብጠት ረገጠ። መሪው እጄ ውስጥ ዞረ። እኔ አላዞርኩትም።

የመንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ደገመችኝ። ያኔ አንድ የታወቀ ጋራዥ ወሰድኳት፤ የጎማውን አቅጣጫ አስተካክለው «ጨርሰናል» ብለው መለሱልኝ። ለቆመ መኪና ያስተካከሉት ትክክል ነበር። ችግሩ ግን የሚመጣው ስትንቀሳቀስ ነው፤ ይህን የሚለካ አልነበረም።

ስለዚህ ራሴ ለካሁት። መኪናዋን አንሥቼ በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳረፍኳት። ከፊቱ ምሰሶ ውስጥ ሞላውን አወጣሁ፤ ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን በአንድ የያዘው ምሰሶ ማለቴ ነው። ሞላው ሲወጣ እግሯ በክሪክ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ይታዘዛል። ጎማውን ፈትቼ በቦታው ጠፍጣፋ የእንጨት ሰሌዳ አሰርኩ፤ ከሰሌዳው ፊትና ኋላ ሁለት ማስመሪያ ተከልኩ። መሪውን በገመድ ከመቀመጫው ጋር አሰርኩት። እግሯ በፋብሪካው ከፍታ ላይ ካለችበት ተነሥቼ በአንድ በአንድ ሳንቲ ሜትር እየገፋሁ ልዩነቱን በኖራ ወለሉ ላይ ጻፍኩ። እስከ ሦስተኛው ሳንቲ ሜትር ድረስ ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ከአራተኛው ጀምሮ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞር ጀመር። ስድስተኛው ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ተከፍቷል።

እንግዲህ አስበው። እኔ ዝቅ ያደረግኳት መኪና ቆማ የምትውለው አምስተኛው ላይ ነው። እያንዳንዷ እብጠት የምታገኛት ከዚያ በላይ ባለው፣ ሰሌዳው በሚዞርበት ክፍል ውስጥ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያምነውም። ዝቅ ስታደርጋት የታችኛው ክንድ፣ የጎማውን ግርጌ ከአካሏ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ጫፉን ወደ ላይ ያቀናል። ያኔ መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ የምታጋድልበት ማዕከል ከአካሏ ይበልጥ ይወርዳል። በአምስት ሳንቲ ሜትር ያጠረች ዜድ ሞላዋ ካልጠነከረ ከፋብሪካዋ ይልቅ ልታጋድል ትችላለች። በምሰሶውና በመሪ ክንዱ መካከል የሚገባ 25 ሚሊ ሜትር የሚሆን ብረት አለ፤ እሱን አስገብቼ፣ ከፍታውንም ሁለት ሳንቲ ሜትር መልሼላት ዳነች። ዛሬም ከፋብሪካው በሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት ዝቅ ያለችው። ዞሮ የሚያያት የለም፤ መሪውም አይዞርብኝም።

ሞተሩን የጫንኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያንተኑ ኤልኤስ1። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ዘመርን። በሁለተኛው ሳምንት በሁለተኛ ማርሽ ስረግጣት ከወንበሬ ኋላ መዶሻ የመታው የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የዲፈረንሻሉ የፊት መያዣ ጎማ ለሁለት ተቀድዷል። ጉልበቱ ሲመጣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። ጃፓኖቹም ይህን ያውቁ ስለነበር በላዩ ላይ ቀበቶ አሥረውበታል፤ ቀበቶው ግን የታሰበው ለ151 የፈረስ ጉልበት ነው። ያንተዋ ላይ ያለው ዲፈረንሻል አር180 ነው፤ ቁጥሩ በውስጡ ያለውን የትልቁን ጥርሳም ቀለበት ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግርሃል። ከኋላ ከመጣችው እህቷ ከ280ዜድ የሚገኘው አር200 መጠነኛ ማስተካከያ ብቻ ይፈልጋል። ከሞተሩ ጋር እንጂ ከሞተሩ በኋላ አትግዛው።

ነዳጁም እንዲሁ። ካርቡራተሮችህ ከሩብ ባር ብዙም በማይበልጥ ግፊት ይኖራሉ። ኤልኤስ1 አራት ባር ግድም ይፈልጋል፤ አዲስ ፖምፓና አዲስ መስመር ማለት ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋም ውስጡ ለዚህ አልተሠራም። ነዳጁ ከሩብ በታች ሲሆንና ረጅም መታጠፊያ ላይ ስትሆን ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ሞተሩም አየር ይጠጣና ይሞታል። እኔ ላይ የሞተው ከኋላዬ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በመሐል ትንሽ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ አለኝ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የፊቱ ዲስክ ቀጭን ነው፣ የኋላው ታምቡር ነው። ብዙዎቻችን ያደረግነው የድሮ ቶዮታ ባለ አራት ጎማ ፒክአፕ የፊት ካሊፐር መጫን ነው፤ አራት ፒስተን አለው፣ በምሰሶው ላይ ልክ ይገባል። ነገር ግን ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጥብሃል። የፍሬኑን ዋና ፖምፓ ከ7/8 ኢንች ወደ 15/16 ኢንች ቀይረው።

ጥያቄህ ዘንድሮ ምን ልግዛ ነበር። ፍሬንና እግር። ሞተሩ ይጠብቅሃል፤ ሰውየው ከሸጠውም ሌላ ይሸጣል።

ሚሊ ሜትር

ጋሼ የጻፉት ግሩም ነው፤ አለካካቸውንም ለማንም እመክራለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ያ 25 ሚሊ ሜትሩ ብረት የመሪ መዞሩን ያድናል ተብሎ ይሸጣል እንጂ በቀጥታ አያድንም። 240ዜድ ላይ የመሪ ክንዱና የታችኛው ክንድ ጫፍ የተያያዙት አንድ ላይ ነው። ብረቱን ስታስገባ ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ዝምድና አልተነካም። የመሪ መዞርን የሚወስነው የታችኛው ክንድ ከውስጥ የታሰረበት ቀዳዳ ከመሪ ሳጥኑ ዘንግ አንጻር ያለበት ቦታ ነው። እሱን ለማረም ቀዳዳውን በመስቀለኛው ብረት ላይ ወደ ላይ ማዛወር ያስፈልጋል። ብረቱ የሚያስተካክለው የማጋደያውን ማዕከል ነው።

የድሮ መፍቻ

በሥዕል ላይ ልክ ነህ። እኔ ግን ብረቱን ካስገባሁ በኋላ ደግሜ ለካሁት፤ ኖራው ወለሉ ላይ ነበር። ክንዶቹ ወደ ቀድሞ አቅጣጫቸው ስለተመለሱ መኪናዋ የምትሠራው ሰሌዳው በማይዞርበት ክፍል ውስጥ ሆነ። ዝምድናው አልተቀየረም፤ መኪናዋ ከመጥፎው ክፍል ወጣች። የቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእሱ ስል መስቀለኛውን ብረት አልበሳም። ውድድር ብሄድ እበሳው ነበር።

ኤል ብቻ

ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ኤል28! 2,753 ሲሲ ነው፣ በ280ዜድ ላይ የመጣው። በዚያው መያዣ ላይ ይቀመጣል፣ ያንኑ ካምቢዮ ይቀበላል፣ ሁለቱን ካርቡራተሮችህን መልሰህ ታስርበታለህ። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ብየዳ የለም፣ አራት ባር ፖምፓ የለም። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር የአጎትህን ኤል24 በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትመልሰዋለህ። ኤል24ቱን ግን አትጣለው፤ በላዩ ያለው ቁጥር ከመኪናዋ ጋር የተመዘገበ ነው።

ስለ ቪ8ም ቢሆን ፋብሪካዎች ራሳቸው ያደረጉትን እዩ። ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ሰንቢም አልፓይን በ1964 የፎርድ 4.3 ሊትር ቪ8 ተጭኖባት ታይገር ስትባል፣ ቦታ ስለጠበበ የመሪው አሠራር በሙሉ ተቀየረ፤ ባትሪው ወደ ኋላ ሄደ፤ አንደኛዋን ካንዴላ ለመፍታት በሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ መብሳት ግድ ሆነባቸው። ኮብራም በ1962 ስትጀምር የተሠራችባትን የድሮዋን መኪና፣ የ«ኤሲ ኤይስ»ን፣ ባሌስትራ እንደያዘች ነበር፤ 427 የሚባለው ትልቁ የ7 ሊትር ሞተር ሲመጣ በ1965 የሻንሲውን ቱቦ ከሦስት ኢንች ወደ አራት አወፍረው፣ ባሌስትራውን ጥለው ሞላ አስገቡ። ሙሉ ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ሞተር ሲጨምሩ ሌላውን ሁሉ መንካት ካስፈለጋቸው፣ አንተ በጓሮህ እንዴት ታመልጣለህ?

ቀዩ ዜድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ሞላ ከመግዛቴ በፊት ልለካ ብዬ ትናንት ከሥሯ ገባሁ። ወደ መለካቱ አልደረስኩም። ከባትሪው መቀመጫ በታች፣ ሞተሩን የሚሸከመው የቀኙ ሐዲድ ላይ፣ ቀለሙ በትንሹ አብጦ አየሁ። በመፍቻው ጫፍ ነካ ባደርገው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ፤ ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ኋላ ላሜራ የለም። ጠመንጃ መፍቻውን ብገፋው እስከ እጀታው ገባ።

አጎቴ ይህን ያሠራው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ነግሮኝም አያውቅ። የሞተሩን ባለቤት ደውዬ እንደማልገዛ ነገርኩት። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ሆነ፦ ሐዲዱን ቆርጬ አዲስ ስበይድ መኪናዋ እንዳትጣመም ምን ላድርግ?

የድሮ መፍቻ

አይዞህ። የእኔዋም እዚያው ቦታ ነው የበሰበሰችው፤ የባትሪው አሲድ ወርዶ ይበላዋል። እንኳን ቪ8 ሳትጭን አየኸው።

የተለየ ሻንሲ የላትም፤ የሚሸከማት አካሏ ነው። ስለዚህ ሳትደግፍ አንድም ቦታ አትቁረጥ። ሞተሩን አስቀድመህ አውርድ፣ ክብደቱ አይጎትታት። ሁለቱን የምሰሶ ማማዎች፣ የፊት ምሰሶዎቹ ከላይ የሚታሰሩባቸውን፣ በብረት ዘንግ አያይዝ። በሮቹን አትንቀል፤ ተዘግተው ይቆዩ፤ መጣሟን መጀመሪያ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። የበሮቹን ክፍተት ዙሪያውን ለክተህ ጻፍ። አንድ ጎን ጨርሰህ ሳትበይድ ሌላውን አትክፈት። ብየዳውንም አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነክተህ ሌላ ጫፍ ሂድ፤ በአንድ ትንፋሽ ከሳብከው ሙቀቱ ይጎትታታል።

ቀዩ ዜድ (ጠያቂ)

ለካሁ። የግራው በር ከኋላ በኩል ላይኛው 4 ሚሊ ሜትር፣ ታችኛው 7 ነው። ይህ ማለት ከወዲሁ ተጣማለች ማለት ነው?

የድሮ መፍቻ

የቀኙን ለክተህ ንገረኝ። እሱም 4 እና 7 ከሆነ ከፋብሪካ እንዲሁ ወጥታለች።