አስካፕ ወይስ ቢኤምአይ? ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች ጥቆማ

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። የምኖረው አሜሪካ ነው። ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። የተወሰኑ ሥራዎቼ በድምፃውያን ተዘፍነው ወጥተዋል፤ ሬዲዮ ላይም መሰማት ጀምረዋል። ሮያሊቲ (ሥራዬ በተሰማ ቁጥር ለኔ የሚገባውን ክፍያ) የሚሰበስብልኝ ድርጅት ጋ ልመዝገብ ብል አንዱ አስካፕ ይለኛል፣ ሌላው ቢኤምአይ። ሴሳክ ያለኝም አለ። አሳታሚ፣ ማለትም የሥራዎቼን መብት የሚያስተዳድርልኝ ድርጅት፣ የለኝም። የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምርጫህን እናጥብበው። አሜሪካ ውስጥ በዋናነት ስማቸው የሚነሳው አራት ናቸው፤ አስካፕ፣ ቢኤምአይ፣ ሴሳክና ጂኤምአር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በግብዣ ነው የሚቀበሉት። ከፈለጉህ ራሳቸው ይደውሉልሃል፤ እስከዚያው ተዋቸው።

አስካፕና ቢኤምአይ ደግሞ ሰው እንደሚጨቃጨቅባቸው ያህል አይራራቁም። ሁለቱም ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከስትሪሚንግ፣ ከምግብ ቤትና ከኮንሰርት ይሰበስባሉ። ሁለቱም በየሩብ ዓመቱ ይከፍላሉ፤ ዘፈኑ ከተሰማ በኋላ ግን ግማሽ ዓመት ገደማ መጠበቅህ አይቀርም። «የኔ የተሻለ ይከፍላል» የሚልህን ሰው ብዙም አትስማው። ደራሲ በአንድ ጊዜ የአንዱ አባል ብቻ ስለሚሆን፣ ያንኑ ዘፈን ሁለቱም ጋ አስከፍሎ ያነጻጸረ የለም።

የባለቤትነት ጉዳይ ግን ይለያያቸዋል። አስካፕ በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በደራሲዎችና በአሳታሚዎች ተመሠረተ። ዛሬም የአባላቱ ነው፤ ለትርፍ አይሠራም። ቢኤምአይን በ1939 ያቋቋሙት ሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው፤ አስካፕ ዋጋ አናረብን ብለው። ነገሩ ከርሮ በ1941 የአስካፕ ዘፈኖች ከትልልቆቹ የሬዲዮ ኔትዎርኮች ላይ ለወራት ጠፉ። አስካፕ ፊት የነሳቸው የብሉዝና የካንትሪ ደራሲዎችም ቢኤምአይ ጋ ቤት አገኙ። ታሪክ ነው እንግዲህ። አሁን ቢኤምአይ የሬዲዮኖቹ አይደለም፤ በ2024 ኒው ማውንቴን ካፒታል የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዝቶታል፤ ለትርፍ ነው የሚሠራው። ልቤ የአባላቱ ወደሆነው ቤት ያደላል። በዚህ ብቻ ግን አልወስንም።

ውሉን ደህና አድርገህ እይ። አስካፕ በየዓመቱ የመውጫ ጊዜ አለው። ቢኤምአይ ደራሲን ለሁለት ዓመት፣ አሳታሚን ለአምስት ዓመት ይይዛል። መውጫው ካመለጠህ ውሉ በራሱ ይታደሳል።

ላንተ ወሳኙ «አሳታሚ የለኝም» ያልከው ነው። ሮያሊቲው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የደራሲ፣ ግማሹ የአሳታሚ። ቢኤምአይ ሥራው አሳታሚ ከሌለው ሁለቱንም ለደራሲው ይከፍላል። አስካፕ ጋ የተለመደው መንገድ ራስህን እንደ አሳታሚም ማስመዝገብ ነው። ከባድ ነገር አይደለም። ግን ደራሲ ብቻ ሆኖ ገብቶ ሌላውን ግማሽ ሳይጠይቅ የሚቀመጥ ስንቱ ነው! የመመዝገቢያ ክፍያ ስለሚቀያየር ከሰው አትስማ፣ በዕለቱ ድረ ገጻቸው ላይ እይ።

እንግዲህ ወረቀት የሚያታክትህ ከሆነ ቢኤምአይ ግባ። ሁለት ፎርም መሙላት ካላስጠላህ አስካፕ።

ሌላ መልስ፦ ስለ ድርጅቱ ከላይ ተነግሯል፤ እኔ የምጨምረው ገንዘቡ በብዛት የሚጠፋበትን ነው። የኛ ሙዚቃ ላይ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ሰው ነው። የአሜሪካኖቹ ፎርም የሚጠይቅህ የደራሲዎችን ስምና የእያንዳንዱን ድርሻ ነው። አቀናባሪው ድርሻ አለው ወይስ የሥራውን ተቀብሎ ጨርሷል? ይሄን እዚያው ስቱዲዮ ሳላችሁ ተነጋገሩ። ጻፉት፣ ፈርሙበት። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ማንም ሰው ድርሻውን አሳንሶ አያስታውስም።

የግጥም ጓደኛህ ሌላ ድርጅት ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ከራሱ ድርጅት ይቀበላል። አቆጣጠራቸው ግን ያምታታል። አስካፕ አንድን ዘፈን 100 አድርጎ ያስበዋል፤ 50 የደራሲ፣ 50 የአሳታሚ። ቢኤምአይ 200 ነው የሚለው፤ 100 ለደራሲ፣ 100 ለአሳታሚ። ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር እኩል የምትካፈሉ ከሆነ፣ የአንተ የደራሲነት ድርሻ አስካፕ ጋ 25፣ ቢኤምአይ ጋ 50 ተብሎ ይጻፋል። ያው ነው። በዚህ ምክንያት ግን ሰው «ተበላሁ» ብሎ ሲኳረፍ አይቻለሁ።

ደግሞ የዘፈኑን ርዕስ በላቲን ፊደል ስታስገባ ተጠንቀቅ። «ፍቅር»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፤ ሬዲዮው የላከው ካንተው ጋር ካልተገጣጠመ ገንዘቡ ባለቤቱን ሲፈልግ ይከርማል። ተጨማሪ ርዕስ የሚያስገቡበት ቦታ አለ። ሰው ሊጽፍ የሚችለውን ሁሉ እዚያ ሙላው።

ጥያቄ፦ እኔ ጻፊም ዘፋኝም ነኝ። አንዱ ጋ ከተመዘገብኩ ሁሉም ያልቅልኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አያልቅልሽም እህቴ። አስካፕም ቢኤምአይም የሚሰበስቡት ለግጥምና ለዜማ ነው። ለተቀዳው ድምፅ ሳውንድ ኤክስቼንጅ አለ፤ አድማጩ ዘፈኑን ራሱ ከማይመርጥባቸው የኢንተርኔትና የሳተላይት ሬዲዮኖች ይሰበስባል። ግማሹ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶ ለአጃቢዎች ነው። ቅጂውም የራስሽ ከሆነ ሁለቱንም ትወስጃለሽ። በሞገድ የሚተላለፈው የተለመደው ሬዲዮ ግን በአሜሪካ ሕግ ለደራሲ እንጂ ለድምፃዊ አይከፍልም። ስለዚህ ዜማው ያንቺ ከሆነ የደራሲነት ምዝገባሽን እንዳትዘነጊ።

ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ኤምኤልሲ የሚባል አለ። ስፖቲፋይን በመሳሰሉት ላይ የግጥምና ዜማ ሌላኛውን ክፍያ፣ ሜካኒካል የሚሉትን (ሥራው በመቀዳቱና በመባዛቱ የሚከፈለውን)፣ የሚሰበስበው እሱ ነው። አሳታሚ ከሌለሽ ራስሽ ነሽ የምትመዘገቢው። ምዝገባው በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ውስጥ ከባንድ ጋር የራሴን ዘፈን ብጫወትስ? ማን ያየኛል?

መልስ፦ ማንም አያይህም፣ አንተ ካልነገርካቸው። አስካፕ ኦንስቴጅ የሚባል፣ ቢኤምአይ ደግሞ ቢኤምአይ ላይቭ የሚባል የኢንተርኔት ማስመዝገቢያ አላቸው። የተጫወትክበትን ቤት፣ ቀኑንና የዘፈኖቹን ዝርዝር ታስገባለህ። ቤቱ ከድርጅትህ ፈቃድ የገዛ መሆን አለበት። የጊዜ ገደብም ስላለው የወራት ዝርዝር አታጠራቅም፤ ከመድረክ በወረድክ ማግስት አስገባው።